ወይኑን አስተኝተን ወጣን

ከጌታነህ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ የወይን ቅጠል መልቀም ነው። ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ካለው ቤታችን ጓሮ፣ ጥቅምት በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከምሳ በኋላ። ባለቤቴ መሰላሉ ላይ፣ እኔ ከታች። ቅጠሉን አንድ በአንድ እየቀነጠስን ለበጎቹ እንጥላለን።

እናንተ ባሕር ዳር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ እኛ አገር ወይን በራሱ አይተኛም። ብርድ ስለሌለ ካልከለከሉት ዓመቱን ሙሉ ቅጠል እያወጣ ይደክምና ፍሬ ይነሳል። ስለዚህ ዝናቡ ሲያቆም ውኃ እንነፍገዋለን፣ ቅጠሉን በእጃችን እናራግፋለን፤ ያን ጊዜ ሳይወድ ያርፋል። ጌታነህ ይህን የተማረው ከአባቱ ነው። አባቱ ቄስ ነበሩ፤ የጓሮው ወይን ደርቆ ዘቢብ ይሆንና ለደብራቸው ቅዳሴ ይሄድ ነበር። እሱ ራሱ ሐይቁ ዳር ባለው የችግኝ ጣቢያ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር።

«ከታች ጀምሪ፤ ዓይኑን እንዳትነኪ» ይለኛል በየዓመቱ፣ አንድም ቀን እንዳልሰማሁ ሁሉ። ዓይን የሚለው አዲሱ ቡቃያ የሚወጣባትን ትንሽ እብጠት ነው።

በማግስቱ እንደምንሄድ ሁለታችንም እናውቃለን። በዚያው ዓመት ደርጎቹ ሁለት ወር አስረው ለቀውት ነበር፤ አሁን ሁለተኛ መጥሪያ መጥቷል። ሁለተኛ የተጠራ ሰው ሲመለስ አላየንም። መጥሪያው ከአውራጃ የመጣ ስለሆነ ቀበሌያችን ገና አልሰማም።

«ለማን ብለህ ነው የምትደክመው?» አልሁት።

«እንዲሁ ትቼው ብሄድ መንገዱን ሙሉ እሱን ሳስብ ነው የምውለው» አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔም ተመለስሁ። የመጨረሻዋን ቅጠል የቀነጠስሁ እኔ ነኝ።

ጠዋት የይለፍ ወረቀት ልናወጣ ቀበሌ ሄድን። ጥቁር ለብሻለሁ፣ የነጠላዬን ጥለት ወደ ላይ አዙሬያለሁ፤ የሌለች አክስት ገድለን ነው የምንሄደው። ሊቀ መንበሩ ወይናችንን አይወድም። ነቅላችሁ ጎመን ትከሉ ካለን ዓመት አልፎታል።

«ማን ሞተባችሁ?»

«የሱ አክስት» አልሁ። «ቆላ ድባ።»

«ምን ሆና?»

«አርጅታ ነው ጓድ» አለ ጌታነህ።

«አንዲት አሮጊት ለመቅበር ሁለት ሰው ያስፈልጋል?»

«እኔ እቀብራለሁ፤ እሷ ታለቅሳለች።»

ሊቀ መንበሩ ሳይወድ ሳቀ። «ሦስት ቀን» እያለ ጻፈ። «ስትመለሱ ያ የቡርዧ ተክል ተነቅሎ ላየው።»

«ትናንት ጀምረነዋል፤ አንድ ቅጠል አልቀረውም» አለው ጌታነህ ፊቱ ሳይለወጥ።

በጀልባ እስከ ጎርጎራ፣ በእህል መኪና እስከ ቆላ ድባ፣ ከዚያ ከሰሊጥ ነጋዴዎች ጋር እስከ መተማ፣ ከመተማ ወዲያ በእግር። ሱዳን፣ ገዳሪፍ በደረስን በሁለተኛው ወር ጌታነህን ወባ ወሰደው። አንዲት ግራር ሥር ቀበርነው። ልብሴን መቀየር አላስፈለገኝም፤ ያው ነጠላ ነበር። የሦስት ቀኑ ይለፍ አሁንም አለኝ፤ ስሙ ከስሜ በላይ ተጽፏል።

ጣሊያን አገር የመጣሁት አንዲት አሮጊት ላስታምም ነው። ገዳሪፍ የነበሩ የካቶሊክ መነኮሳት ናቸው የላኩኝ። አሮጊቷ በዓመቱ ሲያርፉ ወንድማቸው ሲኞር ፒዬሮ ቀብሩ ላይ እጆቼን አይተው፣ «ወይን ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አውቃለሁ» አልሁ። ያን ቃል ስናገር የማውቀው አንድ ግንድ ብቻ ነበር።

የሳቸው ኮረብታ ግን አንድ ኮረብታ አይደለም። ሥሩ ቀይ ሸክላ ነው፣ ሲዘንብ ጫማ ያስቀራል። ወገቡ አሸዋ፣ አናቱ ነጭ ድንጋይ ሆኖ አፈሩ ከጣት አይበልጥም። ጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው ፊት አንድ ዓይነት ወይን፣ ከሰዓት በሚያገኘው ሌላ ዓይነት ተክለዋል። ጎረቤቶቻቸው መድኃኒት ሲረጩ እሳቸው በወይኑ መካከል የዱር ዛፍ ይተዋሉ፤ ወፎቹ ትሉን ይልቀሙልኝ ይላሉ። በወይኑ ረድፎች መካከል ደግሞ ባቄላ ይዘራሉ። ባቄላ ሳይ እንደ ዘመድ ነው ደስ ያለኝ። ዐቢይ ጾም ነበር፤ እሸቱን እየጠበቅሁ ዋልሁ አደርሁ። አንድ ቀን አበባው ገና ሳይረግፍ በትራክተር ገልብጠው ቀበሩት።

«ምነው ሲኞር ፒዬሮ፣ ምን አደረገዎት?»

«ሶቬሾ ነው» አሉ። «ማዳበሪያ። መሬቱ ይበላዋል።»

«እኔስ?»

አዩኝ፣ ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ፣ አንድ ረድፍ ተዉልኝ። ለጌታነህ እህት ለየሺ፣ እዚህ አገር ለአፈር ባቄላ ያበላሉ ብዬ ብጽፍላት፣ ያመነችኝ አልመሰለኝም።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ጥቅምት ገባ። ወይኑ ተለቅሞ አልቋል፣ ቅጠሉ ግን እንዳለ አረንጓዴ ነው። ሲኞር ፒዬሮ ልጃቸው ዘንድ ሳምንት ሄደዋል። እኔ ቁጭ ማለት አልቻልሁም። ቤቱን ጠረግሁ፣ እንደገና ጠረግሁ፣ ወጣሁ፣ ገባሁ። ከዚያ ከኮረብታው አናት እስከ ሥሩ የሚወርዱ አራት ረድፎች መረጥሁና ቅጠላቸውን አራገፍሁ። ከታች ጀመርሁ፣ ዓይኑን አልነካሁም። ከገዳሪፍ ወዲህ እጄ እንደዚያ ተረጋግቶ አያውቅም።

ሲኞር ፒዬሮ ሲመለሱ መጀመሪያ ያዩት ሰማዩን ነው።

«በረዶ ወረደ?»

«አልወረደም።»

«በረዶ አራት ረድፍ ብቻ አይመታም። ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። አስተኛኋቸው።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ሲኞራ፣ እዚህ አገር የሚያስተኛቸው ብርዱ ነው» አሉኝ። «ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ከመውደቁ በፊት የሰበሰበውን ሁሉ ወደ ሥሩ ይመልሳል። ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ስንቅ ያ ነው። አንቺ እራታቸውን ሳይበሉ አስተኛሻቸው።»

የመኖሪያ ወረቀቴ በሚያዝያ ያልቃል። የሚታደሰው እሳቸው ሠራተኛዬ ናት ብለው ሲፈርሙልኝ ብቻ ነው። ካልፈረሙ ከኮረብታው መውረድ ብቻ አይደለም፣ ካገሩም መውጣት ነው፤ መመለሻዬ ደግሞ በሦስት ቀን ይለፍ ወጥተን የጠፋንበት ቀበሌ ነው። ወረቀቱን ሳሳያቸው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ካቆጠቆጡ እፈርማለሁ» አሉ።

ያን ብርድ እንዴት እንዳሳለፍሁት አልነግራችሁም፣ አትጠይቁኝ። በረዶው ሲሸፍነው ሁሉም ረድፍ አንድ ዓይነት ነው፤ የኔዎቹን የማውቀው በቆጠራ ነው። በየማለዳው እወጣለሁ፣ ግንዱን እነካለሁ፣ እወርዳለሁ። ቅርፊቱ ምንም አይነግረኝም።

በመጋቢት መጨረሻ ሌላው ኮረብታ ሁሉ ዓይኑን ገለጠ። የኔ አራት ረድፎች ዝም። ከሳምንት በኋላ ከሥር ቀይ አፈር ላይ ያሉት አቆጠቆጡ፤ ምንም እንዳልሆኑ። ከዚያ አሸዋው ላይ ያሉት፣ ቀጭን፣ ታሞ የተነሣ ሰው ጣት የመሰለ። አናት ላይ ነጩ ድንጋይ ላይ ከነበሩት አሥራ ሁለቱ አልነቁም። ሲኞር ፒዬሮ በቢላ እየፋቁ አንድ በአንድ አዩዋቸው፤ ውስጣቸው ቡናማ ነው።

«ሸክላው ስንቅ ነበረው፣ አበደራቸው» አሉ። «ድንጋዩ ከየት ያምጣ?»

ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡና ጉልበታቸው ላይ ፈረሙ። «አሥራ ሁለቱን ራስሽ ትተኪያለሽ። ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይወስዳሉ። ስለዚህ የትም አትሄጂም።»

ፖሊስ ጣቢያ ወረቀቱን የተቀበለኝ ሰው ጎልማሳ ነው።

«ባል?»

«ሞቷል።»

«የሞት ምስክር ወረቀት?»

«ግራር ሥር ነው የተቀበረ። ወረቀት የሚሰጥ አልነበረም።»

«ወረቀት ከሌለ በእኛ መዝገብ በሕይወት አለ ማለት ነው።»

«እንግዲያው የት እንዳለ ይንገሩኝ» አልሁት።

ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ፣ አነሣ፣ አንዲት መስመር ባዶ ትቶ ማኅተሙን መታ።

ባለፈው ጥቅምት የሺ ባሕር ዳር ቴሌ በቀጠሮ ገብታ ደወለችልኝ። ቤታችን ውስጥ ያለችው እሷ ናት። ሊቀ መንበሩ ተዛውሮ ሄዷል፤ ወይኑን የነቀለው የለም።

«እታለም፣ ጓሮው ጨለመብኝ» አለችኝ። «ቅጠል ብቻ ነው። ፍሬ ካየን አራት ዓመታችን። ቄሶቹ ዘቢቡን ከገበያ ነው የሚገዙ።»

«ውኃ ታጠጪዋለሽ?»

«በየቀኑ። የሱ ነው ብዬ፣ እንዳይጠማው።»

መስመሩ የሚከፈለው በደቂቃ ነው። «ውኃውን ተይ» አልኋት። «ሦስት ሳምንት ተይው። ከዚያ ቅጠሉን በእጅሽ አራግፊው። ከታች ጀምሪ፣ የሺ። ዓይኑን እንዳትነኪ።»

«የቱ ነው ዓይኑ?»

ልነግራት ስጀምር መስመሩ ተቋረጠ። በደብዳቤ ሥዕል ሠርቼ ልኬላታለሁ፤ መልስ ገና አልመጣም።

እኔ ኮረብታው አናት ላይ ለአሥራ ሁለት ችግኞች ውኃ አመላልሳለሁ። ጥቅምት ሲገባ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ቅጠሉ በራሱ እስኪወድቅ እጠብቃለሁ።