የአምስት ቀን ጨረር ወይስ የአምስት ሳምንት

አንድ ሰዓት፣ ሰሚት

ከቤት የወጣሁት ለአባዬ ሕክምና ልመርጥለት ነው። አንጀቱ መጨረሻ ላይ ካንሰር ተገኝቶበታል፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጨረር ያስፈልገዋል። የማሽኑ ወረፋ ደርሶናል፤ እስከ ነገ ካላረጋገጥን ለሌላ ሰው ይሰጣል። አባዬ ይህን ሁሉ አያውቅም። እንዳይደነግጥ ብለን እኔና እህቴ ኪንታሮት ነው ብለነዋል።

ወያላው ዝናቡን አሳብቦ አሥር ብር ጨመረ፤ ተጨቃጭቄ ከፈልኩ። መንገዱ ግማሹ ተቆፍሯል፤ በዞርኩበት ሁሉ አዲስ ፎቅ ነው። እግሬ አላርፍ ሲል አጠገቤ የተቀመጡ እናት ረጋ በይ ልጄ አሉኝ። እንዴት ብዬ ልረጋ!

አራት ሰዓት፣ ወሎ ሰፈር

ከጋራዦች ፊት ለፊት ክሊኒክ ያላት የጨረር ሐኪም አስረዳችኝ፤ እኔም ወረቀት ላይ ጻፍኩ። አጭሩ በአምስት ቀን ያልቃል፤ የየቀኑ መጠን ግን ጠንከር ያለ ነው። ረጅሙ አምስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ከሰኞ እስከ ዓርብ መመላለስ አለ፤ መጠኑ አነስ ይላል፣ አብሮት የካንሰር ኪኒን ይዋጣል። ለአባዬ ሁለቱም ይሆናሉ አለች። የቱ ይሻላል ብላት መልሳ እኔኑ ጠየቀችኝ፤ ብርታቱን፣ ፍላጎቱን። ሐኪሟ እኔ ነኝ እንዴ? ብግን ብዬ ወጣሁ።

ስምንት ሰዓት፣ ቦሌ

አንድ ሳምቡሳ በሻይ ጎርሼ ቀዶ ሐኪሙ ዘንድ ደረስኩ። ሽበታም፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ወረቀቴን አነበቡና «አባትሽ የቱን አሉ?» አሉኝ።

«አልነገርነውም።»

ወረቀቱን መለሱልኝ። «ሳያውቁ ጨረር አይጀመርላቸውም። ዛሬ ንገሪያቸው፤ ነገ ይዘሻቸው ነይ።»

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቤት

በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እያለቀስኩ ነገርኩት፤ እሱ አላለቀሰም። ማን ማን ያውቃል አለኝ። እህቴን፣ ባሏን፣ አክስቴን ቆጠርኩለት፤ የዕድሩንም ጸሐፊ።

«ቀባሪዎቼ ከእኔ በፊት ሰሙ» አለ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቀኑን ሙሉ ከተማውን ሳካልል፣ መጠየቅ የነበረብኝን ሰው ቤት ትቼው ነበር የሄድኩት።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ እንደ ሰው መጸዳጃ ቤት እሄዳለሁ ወይ አለኝ። ወረቀቴን አገላበጥኩት። ያንን አንዱንም ሐኪም አልጠየቅኩም።

«ጻፊው» አለ። «ነገ ራሴ እጠይቃለሁ።»