ባለበሬው የብር ኖት

ልጅ ሳለሁ መተማ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ያኔ ሰሊጥ ነጋዴው አያቴ ፋኖሱን ለኩሰው፣ ሐላዋ የሚባለው የሱዳን ጣፋጭ የነበረበትን ቆርቆሮ ከአልጋ ሥር ይጎትቱና፣ ካርቱም ያለ ወዳጃቸው በየጊዜው የለቀመላቸውን አሮጌ የብር ኖቶች ያወጡልን ነበር። ወዳጃቸው እንደነገራቸው አብዛኞቹን ያሳተሟቸው ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ብቅ ብለው የጠፉ የግል ባንኮች ናቸው።

አያቴ ፊደሉን ማንበብ አይችሉም፤ ተረቱን የሚፈጥሩት ከሥዕሉ ነው። በሬ ያለበትን ኖት ሲያነሡ፣ ከብቶቹን ሸጦ ወረቀት የተቀበለ፣ ክረምቱ ሲወጣ ቢመለስ የባንኩን በር ተቀርቅሮ ያገኘ የዋህ ገበሬ ይመጣል። ሲጨርሱ ፊርማውን ወደ ፋኖሱ ጠጋ አድርገው፣ «ይሄ እከፍላለሁ ብሎ የፈረመው ሰውዬ የት አለ?» ይሉናል። እኔና ታናሽ ወንድሜ በአንድ አፍ «የለም!» ብለን እንስቃለን። በሰው ኪሳራ እንዲያ መሳቃችን አሁን ሳስበው ይከብደኛል።

ከዚያ መተማ ላይ ተኩስ የተከፈተበት ቀን መጣ። የቤታችን ጥሪት የተቀመጠውም እንዲሁ ባለ ሌላ የሐላዋ ቆርቆሮ ውስጥ ነበርና፣ እናቴ በጥድፊያ አንዱን አንሥታ ወጣች። ሸሽተን ሸሕዲ ከተማ ደርሰን፣ ዘመድ ቤት ፍሙን ከበን ስንቀመጥ ከፈተችው። በሬው ነበር። እናቴ ራሷን ይዛ ቀረች።

አባቴ ተነሣ። «ሄጄ ያንኛውን አመጣዋለሁ» አለ።

«ተው ልጄ! ወላሂ ወረቀት ነው» አሉት አያቴ።

«አባ፣ ልጆቹን ምን ላበላቸው ነው? ነገ ሳይመሽ እመለሳለሁ።»

በነጋታው ጠበቅነው፤ በሳምንቱም ጠበቅነው። አንድ ምሽት ወንድሜ ተረት አምሮት ባለበሬውን ኖት ለአያቴ ዘረጋላቸው። እስኪጀምሩም ሳይጠብቅ ጥያቄያቸውን ራሱ ጠየቀ፤ «የት አለ?» አያቴ ኖቱን ተቀብለው ቆርቆሮው ውስጥ ከተቱና ክዳኑን ገጠሙት፤ ከዚያ ወዲያ ተረት አልነገሩንም። አባቴም አልመጣ፣ መሞቱንም የነገረን የለም።

ዛሬ ቆርቆሮው እኔ ዘንድ ነው። መብራት ሲጠፋ ልጆቼ «አምጣው» ይሉኛል፤ እኔም በሬውን አውጥቼ፣ አያቴ እንደነገሩኝ አድርጌ፣ የገበሬውን ተረት እነግራቸዋለሁ። መጨረሻ ላይ ያለችውን ጥያቄ ግን እዘላታለሁ። እናቴ ከጎናችን ተቀምጣ ትሰማለች፤ በር በተንኳኳ ቁጥር አሁንም ከሁላችን ቀድማ ቀና የምትለው እሷ ናት።