ባሻይ ሐጎስን ሳልጠይቃቸው

የመቀሌ ሕዝብ «ሐኪም» እያለ የሚጠራቸው፣ እሳቸው ግን «እኔ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ ነኝ» እያሉ የሚያርሙት ባሻይ ሐጎስ ዐርፈዋል። የታመሙት ሰኞ ነው፤ ያረፉት ሐሙስ ጠዋት። ቀብራቸው ላይ ከዓይናለምና ከኲሓ ሳይቀር ሰው በእግሩ መጥቶ ነበር። እኔ እስላም ስለሆንሁ ከወሎ ሰዎች ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሜ ዋልሁ። እንባ አልመጣልኝም፤ እስካሁንም አልመጣም። ደንዝዣለሁ። ወዳጆቻቸው ለአርባቸው የሚነበብ ነገር ጻፍ ስላሉኝ ግን ይኸው ጻፍሁ።

አባቴ ከወሎ መጥቶ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። እኔ ጣልያን በወጣ በዓመቱ ባሻይ በሚሠሩበት ክሊኒክ የበሽተኛ ስም መዝጋቢ ሆኜ ተቀጠርሁ። ባሻይ ግን ጸሐፊ ብቻ ሆኜ እንድቀር አልፈቀዱም። ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መቀቀል፣ መድኃኒት መመጠን አስተማሩኝ። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ።

የምታውቋቸው ሁሉ ጥያቄያቸውን ታስታውሳላችሁ። ባሻይ መድኃኒት ከመስጠታቸው በፊት ወንበር ስበው ከበሽተኛው ፊት ይቀመጡ ነበር። በተለይ ጣልያን ትቶት በሄደው የኮሶ ትል መድኃኒት አይቀልዱም። ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሽታው የሚያጥወለውል ነገር ነው። ትሉን ያወጣል፤ ነገር ግን ላረገዘች ሴት፣ ጉበቱ ለታመመ፣ መጠጥ ለሚያዘወትር ሰው መርዝ ነው። ከጉሎ ዘይት ጋር ከተወሰደም ይጎዳል። ስለዚህ ዓይንህን አሳየኝ፣ ሽንትህ ምን ይመስላል፣ ከኔ በፊት ማን ምን አጠጣህ እያሉ ያደርቁታል። የከተማው ሰው «ለሆድ ቁርጠት ሄጄ ንስሐ ገብቼ ተመለስሁ» እያለ ይስቅባቸው ነበር።

አንድ ጊዜ አንድ የዓይናለም ገበሬ ትዕግሥቱ አልቆ፣ «ሐኪም፣ እኔ መድኃኒት ብዬ ነው የመጣሁት፤ ዳኛ ፊት ቅረብ ያለኝ የለም!» አላቸው።

«ግድ የለም ሓወይ» አሉት ባሻይ፣ «መልስልኝና ትሄዳለህ።»

እሱ ከወጣ በኋላ ወደኔ ዞረው፣ «ሰው ካልጠየቅኸው አይነግርህም። ሳይነግርህ ቢሞት ጥፋቱ ያንተ ነው» አሉኝ። ይህን ብዙ ጊዜ ብለውኛል።

ሌላ ቀን አንዲት አማት ምራቷን ይዛ መጣች። ልጅቱ ገና አንድ ዓመት ያልሞላት ሙሽራ ነበረች። ባሻይ በጠየቋት ቁጥር አማቲቱ ትመልሳለች፤ ልጅቱ መሬት መሬት ታያለች። ባሻይ አንድ ባዶ ጠርሙስ አነሡና፣ «ኣደይ፣ እናቴ፣ እስኪ ይህን ከውጭ አጥበው ያምጡልኝ፤ የኔ ልጅ ሲያጥብ አይጠራለትም» አሉ። አማቲቱ እኔን ገላምጣ ወጣች። ያን ጊዜ ልጅቱ የወር አበባዋ ሁለት ወር እንደቀረባት በሹክሹክታ ነገረቻቸው። ለማንም አልተናገረችም ነበር። ባሻይ ታጥቦ በመጣው ጠርሙስ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ሞልተው ሰጧት፤ ለአማቲቱም ልጅቱ ከባድ ነገር እንዳትሸከም አዘዙ። ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሏቸው ዋሉ።

እኔ ሁሉንም ጥያቄ ለመድሁ፤ አንዱን ብቻ አልቻልሁም። እስላም ሆኜ፣ የወሎ ልጅ ሆኜ፣ ሽበት ያለውን ክርስቲያን «ይጠጣሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስለኝ ነበር። የምጠይቀው ሳይሆን የምነቅፈው ይመስለኛል። ባሻይ ይህ ገብቷቸው እዚያች ላይ ስደርስ ከጎኔ ሆነው ይጠይቁልኝ ነበር። «ወደይ፣ ልጄ፣ ይህችን ልመዳት» አሉኝ አንድ ቀን። «እሺ» አልኋቸው። አልለመድኋትም።

አምና የመጨረሻ ሴት ልጃቸው ሞተችባቸው። ከዚያ ወዲህ ከሱ፤ ሥራቸውን ግን አላጓደሉም። በታመሙበት ሰኞ ጠዋት የኮሶ ትል እንዳስቸገራቸው ልከውብኝ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ይዤ ቤታቸው ሄድሁ። ባለቤታቸው ገበያ ወጥተው ነበር። ባሻይ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቤቱ ጨለም ያለ ስለሆነ ፊታቸውን በደንብ አላየሁትም። መጥኜ ቀዳሁና በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

ጽዋውን እንደያዙ፣ «አትጠይቀኝም?» አሉኝ።

«እርስዎን ምን ብዬ!» አልሁና ሣቅሁ።

ትንሽ አዩኝ። እሳቸውም ፈገግ አሉና ጠጡት።

ማክሰኞ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ረቡዕ ሰው መለየት አቃታቸው። የተጠራው ዶክተር መጥቶ ሆዳቸውን ዳሰሰና ጉበታቸው እንደሆነ ነገረን፤ ሊያደርግ የቻለው ነገር አልነበረም። ስለ መጠጥ አልጠየቀም። እኔም የምነግረው ነገር አልነበረኝም።

ሐዘን በተቀመጥን በሦስተኛው ቀን ሁላችንም ኣደይ የምንላቸው ባለቤታቸው፣ ወይዘሮ ለተብርሃን፣ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ጓልና፣ የመጨረሻ ልጃችን፣ ከሞተች ወዲህ ባሻይ አረቄ ለምደው ነበር» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው እንዳያውቅባቸው በሻይ ብርጭቆ ነበር የሚጠጡት። አንተም አታውቅም፤ አይደል?»

«አላውቅም ነበር።»

«ታዲያ ወደይ፣ ምን ገደላቸው? አንተ ታውቃለህ።»

«ቀናቸው ደርሶ ነው ኣደይ» አልኋቸው። አመኑኝ። እንጀራ ሲቀርብ አልበላም ብል በግድ አጎረሱኝ።

ባሻይ፣ ያን ጠዋት ቀልደውብኝ ይሁን ጥያቄውን ጠብቀው፣ እስካሁን አስባለሁ። ብጠይቅዎ ይነግሩኝ ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። ዋሽተው አያውቁም። ሳይጠየቁ ለተማሪዎ መናገሩ ነው ያሳፈረዎት። እኔም አፍሬ ነው ዝም ያልሁት። አክብሬዎት ነው ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። ጉበትዎ ቀድሞም ታሞ ይሁን፣ መድኃኒቱ ይሁን የጨረሰዎት፣ የሚነግረኝ ሰው የለም። እጄ ግን የሰጠዎትን ያውቃል።

ኣደይ ለተብርሃን ማንበብ አይችሉም። ይህን ወረቀት ቤትዎ ደጃፍ ላይ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ቆሜ የማነብበው እኔ ነኝ፤ እሳቸውም ከፊት ተቀምጠው ይሰማሉ። እዚህ ስደርስ ሁሉን ዐውቀዋል ማለት ነው። ባለሙያ ያደረጉኝ፣ ልጄ ያሉኝ ጌታዬ፣ አፈሩ አይክበድዎት። ከእርስዎ ጋር የነበረኝ ጨዋታ እዚህ ላይ አበቃ። አሁን ወረቀቱን አጥፌ እሳቸው ፊት እንበረከካለሁ።