ጓሳ የተወተፈበት ቀዳዳ

መንዝ ውስጥ፣ ከዘመሮ ከተማ ወጣ ብሎ፣ እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው ሕመምተኞች የሚታሹበት ቤት ነበር። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ነው የተሠራው። ውስጡ ደረት የሚደርስ የውሃ ገንዳ አለ፤ ውሃውን በጋዝ የሚነድ ማሞቂያ ያሞቀዋል። እኔ የቀን ዘበኛ ነበርኩ። ማሞቂያውን መጥረግም በዚያው የኔ ሥራ ሆነ፤ ማን ወዶ ጥቀርሻ ይነካል?

ያሳየኝ ከአዲስ አበባ የመጣ መካኒክ ነው። ከዳዊት ያለፈ ትምህርት እንደሌለኝ ሲያውቅ በዓይኔና በእጄ አስያዘኝ። ጋዙን ውጭ ካለው ሲሊንደር መዝጋት፣ እስኪበርድ መታገስ፣ የእሳቱን ቀዳዶች በብሩሽ መጥረግ፣ መጋጠሚያውን ሳሙና መቀባት፤ አረፋ ካወጣ ጋዙ ያፈሳልና ማጥበቅ።

"አባቴ፣ እሳቱ ሰማያዊ ከሆነ ሰላም ነው" አለኝ። "ቢጫ ካዩ ግን አየር አጥሮታል፤ ጭሱ ሳይታይ ሰው ይገድላል። ግድግዳው ላይ ያሉት የአየር ቀዳዶች እንዳይደፈኑ።"

የማታው ዘበኛ አበልጄ ነው፤ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ። ይህን ሁሉ ነግሬዋለሁ፤ እሺ ብሎኛል።

አንድ የኅዳር ማለዳ፣ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ሳለ፣ ለጠረጋ ብሩሼን ይዤ ብመጣ አበልጄ በሩ ላይ የለም። ተጣራሁ። ወደ ማሞቂያው ክፍል ዞርኩ። የግድግዳው ቀዳዶች በጓሳ ሣር ጥቅጥቅ ተደርገው ተወትፈዋል፤ ብርድ ሲበረታ የቤታችንን ሽንቁር እንደምንወትፈው። በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ አየሁ። እሳቱ እንደ ጧፍ ቢጫ ነው። አጠገቡ አበልጄ የበግ ጠጉር ባናውን ተከናንቦ ተጋድሟል።

ዘልዬ ልግባ አልኩና የመካኒኩ ቃል ትዝ ቢለኝ መጀመሪያ ጋዙን ልዝጋ ብዬ ወደ ሲሊንደሩ ሮጥኩ። መዝጊያው በብርድ ደርቆ እምቢ አለኝ። በጋቢዬ ጫፍ ይዤ በሁለት እጄ ጠመዘዝኩት። ዞረ። በሩን በርግጄ፣ ትንፋሼን ውጬ ገባሁ። ብብቱን ይዤ ጎተትኩ። ከባድ ሰው ነው። የበሩ ደፍ ላይ ባናውን ሚስማር ያዘው፤ ትንፋሼ አለቀ፤ ባናውን ጥዬ እሱን አወጣሁ።

ውርጩ ላይ አጋደምኩት። አይተነፍስም መሰለኝ።

"አበልጄ! በሚካኤል ይዤሃለሁ፣ ተነሳ!"

ደረቱን አሸሁት፤ ፊቱን በጥፊ አልኩት። ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ አቃሰተና አስመለሰው።

"ምነው... ብርድ ላይ ጣልከኝ?"

"ልትሞት ነበር እኮ! ጓሳውን ማን ወተፈው?"

"እኔ ነኛ። ነፋሱ እንደ ወስፌ ይወጋል። ሽንቁር እያየ ዝም ብሎ የሚተኛ መንዜ አለ?"

ልስቅ አልቻልኩም። ሊነሳ ሲል እግሩ ተጥመለመለ፤ አንደበቱም ተንተባተበ፤ ገና እንዳላመለጠ ያን ጊዜ ገባኝ። መንደር ጠርቼ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘነው ወረድን። መንገዱን ሁሉ ስሙን እየጠራሁ እንዳያንቀላፋ አደረግኩት። ዓይኑ በተከደነ ቁጥር ጆሮውን እቆነጥጠዋለሁ።

እኩለ ቀን ሲሆን ነርሷ ከተኛበት ክፍል ብቅ አለች። "አይዞዎት፣ ጓደኛዎ ተርፈዋል" አለችኝ። እዚያው መሬት ላይ ዘፍ አልኩ። አበልጄ ከአልጋው አንገቱን ቀና አድርጎ በተከፈተው በር አየኝ።

"በሉ እሱንም አንሱት" አለ ተሸካሚዎቹን፣ "ቃሬዛው ባዶውን ነው።"