የዩኮ ጥያቄ በቦዲቲ ቅቤ ተራ

ከሶዶ ወደ ቦዲቲ የሄድኩት ለገበያ ቢመስልም ለፈተና ነበር። ዩኮ የምትባል ጃፓናዊት ሶዶ ውስጥ አንድ ዓመት ልትሠራ መጥታ ገበያም ቢሮም አብሯት የሚዞር አስተርጓሚ ትፈልጋለች። እኔ ደግሞ ከተመረቅኩ ጀምሮ ቤት ተቀምጫለሁ። «ዛሬ እንግሊዝኛ የለም» ብላኛለች።

ሁለት ሰዓት፣ መናኸሪያ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ ወር ሙሉ ከስልኬ ያጠናሁትን ጃፓንኛ አነበነብኩ። «ኦሱሱሜ ዋ ናን ዴስ ካ» ማለት «የትኛውን ይመክሩኛል?» ነው። «ኮሬ» ይሄ፣ «አሬ» ያ። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት ሆነን ተጠጋግተን ሄድን። ዳሞታ በግራችን ጉም ለብሷል፤ ዩኮ እሱን ስታይ እኔ ቃላቱን በሹክሹክታ እደግማለሁ።

ሦስት ሰዓት፣ ቦዲቲ

ዝንጅብልና አቮካዶ ላይ ቀናኝ። ዩኮ ትጠይቃለች፣ እኔ ለሻጮቹ እነግራለሁ፣ እነሱ መርጠው ያነሳሉ። ማስታወሻዋ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም።

ቅቤ ተራ ላይ አክስቴ አስቴር የምትሸጠውን ቅቤ ይዛ ትጠብቀን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በየወሩ ስንቅ ስትልክልኝ የኖረችው እሷ ናት።

«ቻይናው ቅቤ ይበላል እንዴ?» አለችኝ። የውጭ ሰው ሁሉ ለእሷ «እሱ» ነው።

«ጃፓን ናት፣ አክስቴ።»

«እንግዲህ ዛሬ ጠዋት የተናጠ ነው በይው።»

ጣቴን ከተት አድርጌ ቀመስኩ። ላይ ላዩን ለጋ የተቀባ፣ ውስጡ የከረመ ቅቤ ነው። አጠገቧ ያለችው ጎረቤቷ የምትሸጠው ግን ከሽታው ያስታውቃል፣ ለጋ ነው።

ዩኮ አክስቴን አልጠየቀችም። ወደ እኔ ዞራ «ሂሩት-ሳን ኖ ኦሱሱሜ ዋ?» አለች። አንቺስ ሂሩት፣ የትኛውን ትመክሪኛለሽ ማለቷ ነው።

ለመልሱ አንድ ቃል ይበቃል፣ ቃሉንም አውቀዋለሁ። «ኮሬ» ብላት ቅቤ ስለማትለይ ታምነኛለች፤ ሥራውም አያመልጠኝም፣ አክስቴም ደስ ይላታል። አክስቴ ዓይን ዓይኔን ታያለች።

«አሬ» አልኩ፣ ወደ ጎረቤቷ እየጠቆምኩ።

አክስቴ ጃፓንኛ ባትሰማም ጣቴን አይታለች። ቅቤዋን በኮባው መልሳ ሸፈነች። «እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ» አለች ቀስ ብላ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በመልሱ ጉዞ ዩኮ በተሰባበረ አማርኛ «አክስት ናት፣ ግን እውነት ተናገርሽ። ሰኞ ሥራ ጀምሪ» አለችኝ። አመሰገንኩና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እያለቀስኩ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ቤት

ወሬው ቀድሞኛል። እናቴ በር ላይ ቆማ ስልኩን ሰጠችኝ።

«ያንን ሰው ሁለተኛ እኔ ጋ እንዳታመጪ» አለች አክስቴ። «አንቺ ግን ነዪ።»

ወር ሙሉ ምክር መጠየቅ ስማር መካሪው ምን እንደሚከፍል የነገረኝ አልነበረም። ሥራ የምጀምረው ሰኞ ነው። ቦዲቲ ግን ከዚያ በፊት እሄዳለሁ፣ ብቻዬን።