«ለምን ጉዳይ ነው?» የሚባልበት ፌርማታ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ከድር ፊሽካ ሰጡኝና «ሀዊ፣ ቶሎ ቶሎ አትንፊው፤ ሰው ይሰለቻል» አሉኝ። እሳቸው የፌርማታችን ተራ አስከባሪ ናቸው። እኔ ትምህርት ሲዘጋ አብሬያቸው እሠራለሁ። ሁለት ክረምት ሆነኝ። ለትዝታ ያንሳል የሚል ካለ አንድ የገበያ ቀን መጥቶ ይሞክረው!

ፌርማታችን ከጎሮ ወደ ሮቤ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ናት። ያላት አንድ የቆርቆሮ ጥላና አንድ አግዳሚ ወንበር ነው። ሚኒባስ ከእኛ አይነሳም፤ ከጎሮ ሞልቶ መጥቶ ያልፋል እንጂ። የመኪናው ረዳት በመስኮት መዳፉን ከዘረጋ ሙሉ ነው፤ ጣት ካሳየ በጣቱ ልክ ይጭናል። ይሄን በአንድ ጠዋት ቻልኩት።

ያልገባኝ ሌላ ነበር። ጋሽ ከድር የሚጠብቀውንም፣ መኪና ውስጥ የተቀመጠውንም፣ ከሰላምታ ቀጥለው «ለምን ጉዳይ ነው?» ይላሉ። አንዱ ሚስማር ሊገዛ፣ አንዷ ልጇን ልታስመዘግብ።

«ጋሼ፣ ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው።

«ሥራ ነው።»

ወሬ ይወዳሉ ብዬ ደመደምኩ። እኔም ስለምወድ አልፈረድኩባቸውም።

አንድ ዓርብ ቀትር ጋሽ ከድር ለጁምዓ መስጊድ ሄዱና ብቻዬን ቀረሁ። በዚያ ሰዓት ብዙዎቹ ሹፌሮችም መስጊድ ስለሚገቡ መኪና ይጠፋል። ጎረቤታችን አደ ዘይነባ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል። ከሮቤ ቀጥላ ባለችው ጎባ ለዘመቻ የመጡት የዓይን ሐኪሞች የሚያዩት እስከዛሬ ብቻ ነው። ባለፈው ዘመቻ መኪና አጥተው ቀርተዋል።

በመጨረሻ ሚኒባስ መጣ። መዳፍ ተዘርግቷል። ፊሽካውን ነፍቼ የማላውቀውን ያህል ነፋሁት። መኪናው ቆመ።

«ሙሉ ነው፣ አታዪም እንዴ?» አለ ረዳቱ።

በሩን ከፈትኩት። «እባካችሁ፣ አንድ ሰው ይውረድላቸው! ዓይናቸውን ሊታከሙ ነው!»

ስንዴ አይተው የማያውቁ ይመስል ሁሉም በመስኮት ወደ መንገድ ዳሩ የስንዴ ማሳ ዞሩ።

ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል የጋሽ ከድር ጥያቄ ትዝ አለኝ። ከፊት ጀመርኩ።

«አካም ጅርቱ አባባ፣ ለምን ጉዳይ ነው?»

«ፍርድ ቤት።»

«እርስዎስ፣ እትዬ?»

«እህቴን ልጠይቅ፣ ታማብኝ።»

መጨረሻ ወንበር ላይ ፀጉሩ የተንጨባረረ ወጣት አለ። «አንተስ?»

«እኔ... ነገ ሚዜ ነኝ።»

«እንኳን ደስ አለህ! ዛሬስ?»

«ፀጉር... ልቆረጥ» አለ፤ ድምፁ መሃል ላይ ጠፋ።

«ወላሂ ያስፈልገዋል!» አሉ እትዬ። መኪናው ሙሉ ሳቀ። ወጣቱ ፀጉሩን ዳሰሰ፣ አደ ዘይነባን አየ፣ ከዚያ ማንም ሳያዘው ወረደ። ክንዳቸውን ይዞ ቦታው ላይ አስቀመጣቸው።

«ገለቶሚ ልጄ» አሉት። «የራስህ ሠርግ ቀን መልክህን አየዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ጋሽ ከድር ሲመለሱ ሚዜው አግዳሚው ላይ ነበር። «ለምን ጉዳይ ነው?» ሲሉት ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን። የሆነውን ነገርኳቸው። ለሌላ ሰው ብሎ የወረደ በፌርማታችን ደንብ ቀዳሚ ነው፤ በሚቀጥለው መኪና የመጀመሪያውን ወንበር ሰጡት።

አደ ዘይነባ አንድ ዓይናቸው በፋሻ ታስሮ ተመለሱ። ፋሻው ከተፈታ በኋላ ፌርማታው ድረስ መጥተው ፊቴን ትኩር ብለው አዩና «ለካ ትንሽ ልጅ ነሽ!» አሉኝ።

ለሚቀጥለው ተራ አስከባሪ የምነግረው ይሄን ነው፦ ሰውን ውረድ አትበለው። ጉዳዩን ጠይቀው፤ መልሱን ራሱም ይሰማዋል።