በተጨፈነ ዓይን

የሽርሽር መርከቧ ከአሜሪካው ጋልቬስተን ወደብ ገና አልተነቃነቀችም። ግሌንዳ የደኅንነት ልምምዱ እስኪጀመር ድረስ መጠጧን ይዛ ክፍሏ በር ላይ ቆማለች። ተሳፋሪው ሁሉ በቁምጣና በነጠላ ጫማ ይንጎራደዳል። የጎረቤት ክፍል ሰውዬ ግን ወፍራም የቆዳ ጫማውን ጥብቅ አድርጎ አስሮ፣ ሚስቱንና ትንሿን ልጁን ዓይናቸውን አስጨፍኖ በኮሪደሩ ይመራቸዋል።

«እጃችሁ ከግድግዳው እንዳይነሳ። በር ስታልፉ ዳስሱት።»

«ዓይኔን ብገልጠውስ፣ አባዬ?»

«ጭስ ካለ ዓይን አይሠራም፣ የኔ ቆንጆ።»

«ኧረ ጌታው፣ ለመዝናናት እኮ ነው የመጣነው! መርከቧ ገመዷን እንኳ አልፈታችም» አለ የግሌንዳ ባል ከኋላዋ እየሳቀ።

ሰውዬው አልሳቀም። በዚያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። እጁን ወደ ግድግዳው ሲዘረጋ እጅጌው ሸሸና የተጨማደደ፣ የሚያብለጨልጭ የቃጠሎ ጠባሳ ታየ። ግሌንዳ ብርጭቆዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«እንዳንተ መርከብ ፈርታ እንዳታድግ ብለህ ነው ያመጣኸን» አለች ሚስቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አሁን አንተው አታስፈራራት።»

የመርከቧ ጡሩምባ ልምምዱን ለማስጀመር አጫጭር ጩኸት ደጋገመ፤ መጨረሻ ላይ ረጅሙን ለቀቀው። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ከየክፍላቸው እየተሳሳቁ ወጡ። ሰውዬው ጀርባውን ከግድግዳው አጣብቆ ቀረ።

ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። እጁን ይዛ ግድግዳው ላይ አስቀመጠችለት።

«ጨፍን፣ አባዬ። እኔ እወስድሃለሁ።»

ጨፈነ። ግሌንዳም ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ የሚታሰር ጫማ ፍለጋ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።